ጭላዳ ቅሬ የላትም

(ደሴ ውስጥ ለመጽሐፍ ወዳጆች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተቃንቶ የቀረበ)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ብርድ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የተሰጠኝ ርዕስ «ሰውን ከሌላው ፍጥረት ልዩ የሚያደርገው ምንድን ነው?» የሚል ነው። ለአንድ ምሽት ይከብዳል። ፈላስፎች ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ተከራክረውበት አልጨረሱትም። እኔም ዛሬ አልጨርሰውም። ግን አንድ የምሟገትለት ሐሳብ ይዤ መጥቻለሁ። እሱ ላይ እስክንደርስ ትንሽ እንዞራለን።

ከቅርባችን እንጀምር። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወርዳችሁ፣ በባቲ አድርጋችሁ የሚሌን መንገድ ብትይዙ አፋር በረሃ ትገባላችሁ። እዚያ አዋሽ አካባቢ ሐዳር የሚባል ቦታ አለ። ዛሬ አፋር ክልል ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ ግን በወሎ ሥር ነበር። ድንቅነሽ የተገኘችው እዚያ ነው፣ በኅዳር 1967 ዓ.ም.። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አያልፍም።

እኔን የሚገርመኝ ዕድሜዋ አይደለም። ድንቅነሽ በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ ነበር። አንጎሏ ግን ከቺምፓንዚ አንጎል እምብዛም አይበልጥም። ከዚያ በፊት ብዙ ሊቃውንት ነገሩን በተቃራኒው ነበር የሚያስቡት። መጀመሪያ አንጎል ተለቀ፣ ሰው አሰበ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ሄደ ይሉ ነበር። እሷ ይህንን ገለበጠችው። እግር ቀደመ፣ አንጎል ተከተለ። በአእምሯችን ለምንኮራ ሰዎች ትንሽ ያሳፍራል።

ታዲያ «በሁለት እግሩ የሚሄድ» ብለን እንገላገል? ይህንንም የሞከረው አለ። ፕላቶ ሰውን «ላባ የሌለው ባለ ሁለት እግር እንስሳ» ብሎ ተርጉሞ ነበር ይባላል። ዲዮጋን የሚባለው ነገረኛ ፈላስፋ ይህን ሰማና አንድ ዶሮ ላባውን ነጭቶ ወደ ትምህርት ቤቱ ይዞ መጣ። «የፕላቶ ሰው ይኸውላችሁ!» አለ። ከዚያ በኋላ ትርጉሙ ላይ «ጥፍሩ ሰፊ የሆነ» የሚል ተጨመረ ይላሉ። ቀልድ ነው። ግን ከዚያ ወዲህ የመጣ ትርጉም ሁሉ አንድ ቀን የተነጨ ዶሮ ይመጣበታል።

አርስቶትል ጠለቅ አድርጎ ሄዷል። እንስሳት ድምፅ አላቸው ይላል፤ በድምፃቸው ሕመማቸውንና ደስታቸውን ያሳያሉ። ሰው ግን ንግግር አለው፤ በንግግሩ የሚጠቅምና የሚጎዳውን፣ ፍትሕና በደሉን ይለያል። ልብ በሉ፣ ማውራትን ብቻ አይደለም ያለው። ስለ በደል መነጋገርን ነው ያለው። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ። የሚያሳዝነው እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ያው ሰውዬ «አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ባሪያዎች ናቸው» ብሎ ማስረዳቱ ነው። ፍትሕ የሚያወራ እንስሳ፣ እንዲህም ያወራል።

በኋላ ደግሞ መሣሪያ መጣ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን «ሰው መሣሪያ የሚሠራ እንስሳ ነው» አለ ይባላል። ይህ ለእኛ አገር ሰው ደስ ሊል ይገባል። ምክንያቱም ከሐዳር አጠገብ ጎና በሚባለው ቦታ ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቹ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1997 ለዓለም አሳውቀዋል። ዶሮው ግን እዚህም መጣ። እ.ኤ.አ. በ1960 ጄን ጉዳል ታንዛኒያ፣ ጎምቤ ውስጥ፣ ቺምፓንዚ የሣር እንጨት ምስጥ ኩይሳ ውስጥ እየሰደደ ምስጥ ሲያወጣ አየች። ቅጠሉን ልጦ ቅርንጫፍ እንደሚያዘጋጅም ታዘበች። ወደዚያ የላካት የጥንት ሰው አጥኚው ሊኪ ይህን ሲሰማ ወይ መሣሪያን፣ ወይ ሰውን እንደገና እንተርጉም፣ አለዚያ ቺምፓንዚን ሰው ነው ብለን እንቀበል አለ። ቆየት ብሎ እ.ኤ.አ. በ2002 ኦክስፎርድ ውስጥ ቤቲ የምትባል ቁራ ቀጥ ያለ ሽቦ ቆልምማ መንጠቆ ሠራችና ምግቧን አወጣች። ቁራ!

አሁን ከመሣሪያው ሳንርቅ ወደ ራሳችን ጉድ እንምጣ።

እኛ ዘንድ መሣሪያ የሚሠራው ማን ነበር? ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውን፣ ዶማውን? ቀጥቃጩ። ድስቱንና ጀበናውን? ሸክላ ሠሪዋ። በፍራንክሊን ትርጉም ብንሄድ ከመንደሩ ሁሉ ሰው የሚባሉት እነሱ ናቸው። እኛ ግን ምን አልናቸው? ቡዳ አልናቸው። «ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ» አልን። ልጃችንን አልዳርንላቸውም። አብረን ማዕድ ላይ መቀመጥ ፈራን። በእጁ ማረሻ ሠርቶ የሰጠንን ሰው፣ ባንድ ማረሻው አርሰን በልተን፣ ሲመሽ ጅብ ነው አልነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ ትልልቅ ሰዎች ይህንን በጆሯችሁ ሰምታችኋል። ወጣቶቹም ሰምታችሁ ይሆናል፤ ጠፍቷል ብዬ አልዋሽም።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። የአዋጁ ፍሬ ነገር የሰው ዘር ሁሉ ከአንድ አዳምና ከአንዲት ሔዋን የመጣ ነው፤ ብልሁን የሚሰድበው ሰነፉ ነው የሚል ነው። ንጉሥ አዋጅ እስኪያወጣበት ድረስ ችግሩ ሥር ሰዶ ነበር ማለት ነው። አዋጁም አላጠፋውም።

ይህን ለምን አነሳሁ? ስለ ሰው ልዩነት የሚደረግ ክርክር ሁልጊዜ ስለ እንስሳ ብቻ አይደለም። «ሰው ማለት እንዲህ ያለ ነው» ብለን መስመር ስናሰምር፣ ከመስመሩ ወዲያ የምናስቀምጠው ጦጣን ብቻ አይደለም። ጎረቤታችንንም ነው። አርስቶትል ባሪያውን አስወጣ። እኛ ቀጥቃጩን አስወጣን። ስለዚህ ማንም ሰው የሰውን ትርጉም ይዞ ሲመጣባችሁ አንድ ነገር ጠይቁት። በዚህ ትርጉም ማን ይወጣል? እኔንም በኋላ ጠይቁኝ።

ከብዙ ዘመን በፊት ይህንን ነገር በተረት የሞገቱ ሰዎች አሉ። በአሥረኛው ክፍለ ዘመን ባስራ ውስጥ ኢኽዋን አስ-ሰፋ የሚባሉ ሊቃውንት ነበሩ። ተረታቸው ውስጥ እንስሳት ሰውን በጂኖች ንጉሥ ፊት ይከሱታል። ይጭነናል፣ ያርደናል፣ ጌታችሁ ነኝ ይለናል፤ በምን መብቱ ነው ይላሉ። ሰዎቹ በቁመናችን ብለው ይመልሳሉ፣ በብልሃታችን፣ በሥርዓታችን ይላሉ። እንስሳቱ አንድ በአንድ ያፈርሱባቸዋል። ንብን አይታችኋል? ጉንዳንን አይታችኋል? መጨረሻ ላይ ሰውን ያዋጣው ክርክር ከሞት በኋላ መነሳትና የዘላለም ሕይወት የሚጠብቀው መሆኑ፣ ከመካከሉም ደጋግ ሰዎች መገኘታቸው ነው። ከብልሃቱ ይልቅ ያዋጣው የሚጠብቀው ነገር ነው። እኔም ወደዚያው አቅጣጫ ነው የምሄደው፤ ግን በምድር መንገድ።

ፈረንሳዊውን ፈላስፋ ዴካርትን ባልጠራው ትቀየሙኛላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1637 እንስሳት እንደ ሰዓት ያሉ ማሽኖች ናቸው አለ። ማሽንን ከሰው የምንለይበት ፈተናም ሰጠ። ማሽን ቃል ሊያወጣ ይችላል፤ ግን ለተጠየቀው ሁሉ እንደ ነገሩ አመጣጥ መመለስ አይችልም አለ። ዛሬ በዚህ ፈተና ስንቶቻችን እንስቃለን። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ በአማርኛ ያወራችኋል። ግጥም ግጠምልኝ ብትሉት ይገጥማል፤ ጥሩ አይገጥምም እንጂ። ሂዩም ደግሞ ከዴካርት መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ፣ እንስሳት እንደ ሰው ማሰባቸው ለእኔ ከሁሉ ይልቅ ግልጽ ነገር ነው ብሎ ጽፏል። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1871 በሰውና በከፍተኛ እንስሳት አእምሮ መካከል ያለው ልዩነት የደረጃ እንጂ የዓይነት አይደለም አለ። ከታች እንስሳው እየወጣ ነው። ከጎን ማሽኑ እየመጣ ነው። መካከል ያለን እኛ ወንበራችን ጠቧል።

«ሐዘንስ?» ትሉኝ ይሆናል። «እንስሳ እንደ ሰው ያለቅሳል?»

ጭላዳን ታውቃላችሁ። ቦረና ሳይንት፣ ወረሂመኖ በኩል ያላችሁ በደንብ ታውቃላችሁ። ሣር እየነጨ የሚውል፣ ደረቱ ቀይ፣ ከአገራችን ደጋ ሌላ የትም የሌለ ፍጥረት ነው። መንዝ ጓሳ ላይ ጭላዳዎችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ጥናት አለ። እናቶች የሞተ ግልገላቸውን ለቀናት ተሸክመው ይሄዳሉ። 48 ቀን ወይም ከዚያ በላይ የተሸከመችም ተገኝታለች። ሬሳው ደርቆ፣ ቅርጹ ጠፍቶም አትጥለውም። ይህ ሐዘን ካልሆነ ምን ይሆናል? ስሙን ልንከራከርበት እንችላለን። እኔ ግን የእናትን ሐዘን ለሰው ብቻ ነው ብዬ ለመሟገት አልደፍርም።

እንግዲህ የእኔ ነጥብ እዚህ ጋ ነው። ጭላዳዋ ብዙውን ጊዜ የምትሸከመው የራሷን ልጅ ነው። ቅሬ ግን የላትም።

የወሎ ሰው ስለሆናችሁ ቅሬን አላስተምራችሁም። ሌላ ቦታ ዕድር ይሉታል። ከሌላ አገር መጥተው እዚህ የሚማሩ ልጆች ስላሉ ብቻ በአጭሩ ልናገር። ሰው ሲሞት ጥሪ ይደርሳል። ወንዱ ዶማና አካፋ ይዞ መቃብር ይቆፍራል። ሴቶቹ ውኃና እንጨት ይይዛሉ፣ ንፍሮ ያፈላሉ፣ ለቀስተኛ ያስተናግዳሉ። በብዙ ቦታ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ቅሬ ነው። የቀረ መቀጫ ይከፍላል።

መቀጫው ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ብዙ ሰው ቅሬን ሲያወድስ ስለ ፍቅር ያወራል። እኔ ፍቅሩን አልክድም። ግን ፍቅር ብቻ ቢሆን ኖሮ መቀጫ ለምን ያስፈልግ ነበር? ሟቹን የምትወደው ሰው ሳትቀጣም ትመጣለህ። መቀጫው ለማትወደው ሰው ነው። በድንበር የተካሰስከው፣ ከብቱ ሰብልህን የበላብህ፣ ሰላምታ የተውከው ሰው ሲሞት ዶማህን ይዘህ ትወጣለህ። እያጉረመረምክ ትቆፍራለህ። ምክንያቱም ገብተህበታል። ምናልባት አባትህ ነው የገባበት፤ አንተ ወርሰኸዋል። የማትወደውን ሰው ሬሳ ድሮ በተገባ ቃል የተነሳ የሚቀብር ሌላ እንስሳ እኔ አላውቅም።

ኒቼ እ.ኤ.አ. በ1887 ስለዚህ አንድ ጥልቅ ነገር ብሏል። ተፈጥሮ በሰው ላይ የሞከረችው ከባዱ ሥራ ቃል ሊገባ የሚችል እንስሳ ማሳደግ ነው ይላል። ቃል የሚገባ ሰው በነገው ራሱ ላይ ይፈርማል። ነገ ስሜቱ ይለወጥ ይሆናል፤ ቃሉ ግን አይለወጥም። የእኛ ሰው ይህንን ከኒቼ አልጠበቀም። «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላል። ልጅ ላለው ሰው የሚያስደነግጥ ንግግር ነው፣ እኔ ሁሌም ያስደነግጠኛል። ግን የቃልን ክብደት በዚህ ልክ የሚያስቀምጥ ሌላ አባባል አላገኘሁም።

ሐና አረንት የምትባለው ፈላስፋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 ሁለት ነገሮችን አጣመረች፤ ቃል መግባትንና ይቅርታን። ቃል መግባት የማይታወቀውን ነገ ይይዘዋል፤ ይቅርታ ደግሞ የማይመለሰውን ትናንት ይፈታዋል አለች። ይህንን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው አበጋሮች፣ የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ ደም ሲያደርቁ ይመልከት። የገዳይ ወገንና የሟች ወገን ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ዱዓ ይደረጋል። ካሳ ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ወገን ቃል ይገባል፤ በዚያ ቃል ውስጥ እዚያ ያልነበሩ፣ ገና ያልተወለዱ ልጆችም ይታሰራሉ። አርስቶትል «ስለ በደል የሚነጋገር እንስሳ» ያለው ይኸው ነው። አውሬም ከተጣላ በኋላ ይታረቃል፤ ቺምፓንዚዎች ከጠብ በኋላ ተቃቅፈው ይታያሉ። ላልተወለደ ልጅ የሚታረቅ ግን ሰው ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። ሰውን የሚለየው አንድ ችሎታ አይደለም። ተጠያቂ መሆኑ ነው። «ወንድምህ አቤል ወዴት ነው?» ሊባል የሚችል ፍጥረት መሆኑ ነው። ቃየን መልሱን ሸሸ፤ ጥያቄው ግን ለእሱ እንደሚገባ ያውቅ ነበር። ሸሆቻችንም ከቁርኣን፣ ከሱረቱል አሕዛብ ያስተምሩናል። አማናው፣ አደራው ማለት ነው፣ ለሰማያት፣ ለምድርና ለተራሮች ቀረበ። መሸከሙን ፈሩ፣ እምቢ አሉ። ሰው ተሸከመው። አንቀጹ እዚያ ላይ አያበቃም፤ ሰው በጣም በዳይና አላዋቂ ነው ይላል።

አብዛኛውን ጊዜ በዚህኛው ክፍል ላይ አንቆይም፤ ልንቆይ ግን ይገባል። ወሎ ስለሆንን ደግሞ በተለይ።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በዚህ አገር ላይ የሆነውን አያቶቻችሁ ያውቁታል። አማርትያ ሴን የሚባለው ኢኮኖሚስት ያንን ረሃብ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ነገር አለ። በአገር ደረጃ የምግብ ምርት ያን ያህል አልወደቀም ይላል። ይባስ ብሎ፣ ሰው እየሞተ እያለ እዚሁ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ብዙም አልጨመረም። ከወሎ ወደ ውጭ የተጫነ እህልም ነበር። ገበሬው ሰብሉ ሲጠፋ መሸመቻ አጣ።  አፋሩም ከብቱ አለቀ፤ ጥሩው የአዋሽ ዳር ግጦሽ ደግሞ አስቀድሞ ለሰፋፊ እርሻ ተወስዶበት ነበር። ድንቅነሽ በተገኘችበት በዚያው ምድር ማለት ነው፣ በዚያው ሰሞን።

ጅብ የተራበ ቀን መጋዘን ፊት ተቀምጦ አይሞትም። ይሰብራል ወይ ይሞክራል። ሰው ግን እህል የጫነ መኪና በአጠገቡ እያለፈ መንገድ ዳር ይሞታል። ለምን? እህሉ የሌላ ሰው ስለሆነ። «የእኔ» እና «የአንተ» የምንለው ነገር ስምምነት ነው፣ የድሮ ቃል ነው። ቅሬን ያቆመው ያው ነገር መጋዘኑንም ይጠብቀዋል። ጠላትህን እንድትቀብር የሚያስገድድህ ችሎታ፣ የተራበውን አልፈህ እንድትሄድም ያስችልሃል። ሁለቱም የሰው ብቻ ናቸው። እኔ «የሰው ልዩነት» የሚለውን ነገር እንደ ሽልማት የማልወስደው ለዚህ ነው።

አሁን ቅድም ቃል ያስገባኋችሁን ጥያቄ ራሴ ልጠይቅ። በእኔ ትርጉም ማን ይወጣል? ሕፃን ቃል አይገባም። አእምሮው የታወከ ሰው ቃል አይገባ ይሆናል። ያረጁና ልጃቸውን የማይለዩ እናት ትናንት የገቡትን ቃል አያስታውሱም። እነዚህ ሰው አይደሉም?

መልሴ ከቅሬው ነው። ቅሬ ለማንም አንዲት ጉድጓድ ቆፍሮ የማያውቀውን ሕፃን ይቀብራል። መንደር ለመንደር ሲዞር የኖረውን፣ መቀጫ ምን እንደሆነ የማያውቀውን ሰው ይቀብራል። ተጠያቂ ለመሆን ቃል መግባት የሚችል ሰው ያስፈልጋል፤ የሚጠየቁለት ሰው ለመሆን ግን ምንም አያስፈልግም። ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ዋጋ ያለው ነገር በሌላ ይተካል፣ ክብር ያለው ግን ምትክ የለውም ሲል ወደዚህ ይቀርባል። እሱ ግን ክብሩን በማሰብ ችሎታ ላይ ሰቀለው፤ እኔ እዚያ ላይ አልከተለውም። ቤንታም ደግሞ ስለ እንስሳት ሲናገር ጥያቄው ያስባሉ ወይ፣ ይናገራሉ ወይ አይደለም፣ ይሠቃያሉ ወይ ነው ብሏል። እሱም ልክ ነው። ልዩ መሆናችን አህያን በዱላ የመቀጥቀጥ ፈቃድ አይሰጠንም። ገበያ ቀን ሸዋ በር አካባቢ የምናየውን ታውቃላችሁ።

ከባዱ ችግር ሌላ ነው። ቃላችን የሚደርሰው እስከ የት ነው? ቀጥቃጩ በብዙ ቦታ በቅሬው ዳር ነው የኖረው። መቃብሩን የቆፈርንበትን ዶማ የሠራው እሱ ነው። ለዚህ መልስ አለኝ አልልም፤ የመስመሩ ጉዳይ በፍልስፍና ብቻ አይፈታም። ጋብቻ ላይ፣ ማዕድ ላይ፣ ቀብር ላይ ነው የሚፈታው።

ንግግሬ እዚህ ላይ አለቀና ጥያቄ ተከፈተ። አንዲት ተማሪ ተነስታ እንዲህ አለች፦ «ስልኬ ላይ ያለው ማሽን ቃል ይገባልኛል። ሲሳሳትም ይቅርታ ይጠይቀኛል። በእርስዎ አባባል ሰው ሊሆን ነው?» ሰው ሳቀ። እኔም ይቅርታ የሚጠይቀው ምን ሊያጣ ነው አልኳት። ቅሬ ቢገባና ቢቀር ምን ይቀጣል? ቃል ክብደት የሚኖረው ሲሰበር የሚያሳጣው ነገር ሲኖር ነው።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ግን መልሴን አልወደዱትም። «መቀጫውን ተወው» አሉኝ። «ይሞታል ወይ?» የማይሞት ሰው ቅሬ ምን ያደርግለታል ማለታቸው ነው። እኔ መቃብር የምቆፍረው ተራዬ እንደሚደርስ ስለማውቅ ነው አሉ። ሃይደገር እ.ኤ.አ. በ1927 ሰው ሞቱን አስቀድሞ እያወቀ የሚኖር ፍጥረት ነው ብሎ በብዙ ገጽ ያስረዳውን እሳቸው በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። እንዲያውም ጨመሩበት፤ ለሃይደገር ሞት ማንም የማይጋራህ የብቻህ ጉዳይ ነው፤ እሳቸው ዘንድ የተራ ጉዳይ ነው።

ልጅቷ አሁንም አልለቀቀችም። «እሺ፣ ማሽኑ ካልሞተና ካልተቀጣ ባለቤቱ ኩባንያ ይቀጣላ! እሱ ይከስራል፣ ይዘጋል» አለች። ጥሩ ነጥብ ነው። ለሚቀጥለው ጊዜ ሕግ የተማረ ሰው ጋብዙ አልኳቸው።